ምርጡ የመንዝ በግ ፋሲካን አይሻገርም

በበዓል ሰሞን ሾላ በግ ተራ ውስጥ የቆመ ሰው የመንዝን በግ ለመለየት የደላላ ምክር አያስፈልገውም። አጠር ያለ፣ ጠጉሩ ከርደድ ያለ፣ የላቱ ጫፍ ወደ ላይ ቀልበስ ያለ ነው። ያደገች እናት በግ እንኳ ክብደቷ ከሃያዎቹ ኪሎ ብዙም አይዘልም። ገዢ ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ቀንዱን አይቶ ዋጋ ይጠራል። ቀዩና ነጩ ቶሎ ይነሣሉ። ጥቁሩ ዋጋው ቢወርድም ቆሞ ይውላል።

ይህን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይጠየቀው ሌላ ነው። ያ ማልዶ የተሸጠው፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገው ጠቦት አገሩ ላይ ስንት ልጅ ትቶ መጣ? ብዙውን ጊዜ መልሱ «አንድም» ነው።

እናት በግ አምስት ወር አርግዛ በአብዛኛው አንድ ግልገል ትወልዳለች። አንድ አውራ ግን በአንድ ወቅት ከ20 እስከ 30 በጎች ያስረግዛል። ስለዚህ የመንጋ ዕድል የሚወሰነው በአውራው ነው። ገበሬው ግን ማዳበሪያ ይገዛል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ልጅ ያስተምራል። ገንዘብ ሲያስፈልገው ገበያ የሚያወጣው ጥሩ ዋጋ የሚያመጣለትን ነው። ቶሎ ያደገው ይሸጣል ወይም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። ገዢ ያጣው ቀጫጫ ደግሞ ቤት ይቀርና የመንደሩ አባት ይሆናል። የእርባታ ባለሙያዎች ይህን የተገላቢጦሽ ምርጫ ይሉታል። በእኛ ገበያ ቋንቋ ደግሞ ዋናውን በልቶ በወለዱ መኖር ነው።

በከተማችን ግቢው ውስጥ ዶሮና እርግብ ለደስታው የሚያረባ ሰው ይህን ስሕተት አይሠራም። ምርጡን አውራ ዶሮ ለምኑትም አይሰጥም፤ የሚያርደው የማይወደውን ነው። ትርፍ ስለማያስብ ዘሩን ይጠብቃል። ነጋዴ ግን ትርፍ አስቦ ዘሩን ያጠፋል! መንዜውም ቢሆን በጉን አይወድም ማለታችን አይደለም፤ ስለ አንድ አውራ ቀንድና ቁመና ሲያወራ የሰማ ያውቀዋል። ፍቅሩን የሚያስከፍል መንገድ ግን አልነበረውም።

ምክንያቱም ግጦሹ የጋራ ነው። አንዱ ምርጥ አውራ ቢያስቀር ከጎረቤቶቹ በጎች ጋር ስለሚውል ግልገሎቹ የጎረቤት ይሆናሉ፤ ከገበያ የቀረበት ዋጋ ግን የእሱ ብቻ ነው። የጎረቤቱ ከሲታም እንዲሁ የእሱን በጎች ያስረግዛል። እንግዲህ ብቻውን ዘር የሚያሻሽል ሰው ለሰፈር ምጽዋት ሰጪ ነው ማለት ይቻላል።

የሚገርመው፣ ይህን መሰሉን ችግር የመንዝ ሰው በሌላ ሀብት ላይ ቀድሞ ፈትቶት ነበር። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የተዘረጋው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ጓሳ ለዘመናት የተዳደረው በቀሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ከብት የነዳበት ይቀጣል፤ የተመረጠ አለቃ ቀኑን ሲያውጅ ሁሉም ለቤት ክዳኑና ለገመዱ በአንድነት ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን የርስት ሥርዓት ሲያፈርሰው ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ነዋሪው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንደገና አደራጅቶ፣ የአማራ ክልልም ዕውቅና ሰጥቶት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት እንግዳ የሚሄድበት ያ ነው።

ስለ በጉ መንግሥት መጀመሪያ የሞከረው ግን ሌላ መንገድ ነበር። የደብረ ብርሃን የበግ እርባታ ማዕከልና የአመድ ጉያ ጣቢያ የመንዝን በግ ከውጭ ከመጣው ከአዋሲ ዘር ጋር አዳቅለው አውራዎችን ለገበሬ አከፋፈሉ። ድቅሉ ግዙፍ ነው፤ መኖም በዚያው ልክ ይጠይቃል። በመልኩና በላቱ ቅር የተሰኘም አልጠፋም። በዚህ ላይ ማኢዲ ቪስና የተባለው፣ ክትባትም ፈውስም የሌለው የበጎች በሽታ በጣቢያዎቹ ተገኝቶ ሥራውን አስተጓጎለው።

አውራው ለማኅበር

እ.ኤ.አ. በ2009 ኢካርዳና ኢልሪ ከአንድ የኦስትሪያ ዩኒቨርሲቲና ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር የጀመሩት ሥራ የተለየ ነው። ዘር ከውጭ አይመጣም። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ክብደቱና የእናቱ ታሪክ ይመዘገባል። ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው የመንደሩ ጠቦቶች በአንድ ቀን ይሰበሰቡና የገበሬዎች ኮሚቴ የመዝገቡን ቁጥር ይዞ ላቱን፣ ቀለሙንና ቁመናውን በዓይኑ ያያል። የተመረጠው ለማኅበሩ አባላት በጋራ ያገለግላል፤ ባለቤቱም ከተዘዋዋሪ ገንዘብ ዋጋውን ያገኛል። ያልተመረጠው ይሸጣል ወይም ይኮላሻል። አውራው የገዛ ልጆቹን እንዳያስረግዝ ከቡድን ወደ ቡድን ይዛወራል፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ ገበያ ይወርዳል።

ውጤቱስ? ለጉራ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በመንዝ የስድስት ወር ጠቦት ክብደት በየዓመቱ በአማካይ በ110 ግራም ሲጨምር በቦንጋ 210 ግራም እንደጨመረ አስፍሯል። ለአንድ የፋሲካ ነጋዴ 110 ግራም አንድ ቁራጭ ሥጋ ነው። በሌላ በኩል ጭማሪው ከዘር ስለሆነ በየዓመቱ እንደገና አይገዛም፤ ያለፈው ዓመት ላይ እየተደረበ ይሄዳል።

በበግ ላይ ገንዘብ ለማዋል ላሰበ ባለሀብት የምንለው አለ። አብዛኛው ሰው የሚያስበው ገዝቶ፣ ሦስት ወር አድልቦ፣ ለበዓል ስለ መሸጥ ነው። ያ መጥፎ ሥራ አይደለም፤ ግን የሁሉም ሐሳብ ነው። የተመዘገበ አውራ እያሳደጉ ለዘር ማቅረብ ግን ገና ብዙ ሰው ያልገባበት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ገበሬ ሮበርት ቤክዌል ስሙን የተከለው ምርጥ አውራ በጎቹን ለወቅቱ እያከራየ ነው፤ የበጎቹ ባለቤትነት ከእጁ ሳይወጣ ኪራዩን ሰበሰበ። የመንዝ ማኅበሮችም ከራሳቸው የተረፈውን አውራ ለሌላ ወረዳና ለፕሮጀክት ሲሸጡ ዋጋው በሥጋ ሚዛን ብቻ አይታሰብም። ችግሩ መዝገብ ነው። መዝገብ የሌለው አውራ የቱንም ያህል ቢያምር ገዢው የሚከፍለው የሥጋውን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበናል። ኮሚቴው ቀለም ሲመርጥ ዓይኑ የአዲስ አበባን ገዢ ይከተላል፤ ጥቁሩ አውራ ገና በጠቦትነቱ ይወጣል። የመንዝን ብርድ የሚያስችለው በርኖስ ደግሞ የሚሠራው ከጥቁር በግ ጠጉር ነው። ፈታዮቹና ሸማኔዎቹ በምርጫው ቀን ኮሚቴው ውስጥ አይቀመጡም። ጥቁሩን አውራ የሚፈልግ ነጋዴ ካለ ከምርጫው ቀን በፊት ዋጋውን ይዞ መሐል ሜዳ መድረስ ይኖርበታል።