የገበያ ጨው በናሙና ሲመረመር

ጨው በአገራችን ከወጥ ማጣፈጫነት በላይ ክብር የነበረው ነገር ነው፤ አሞሌ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ እያንዳንዱ ቤት የማድረስ አገልግሎት ተጨምሮለታል። በደጋው አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ስለሚያጥበው ከዚያ የሚበቅለው እህል አዮዲን ያንሰዋል። አዮዲን ያነሰው ሰው እንቅርት ያወጣል። ከዚህም የከፋው፥ እርጉዝ ሴት አዮዲን እጅግ ባነሳት ጊዜ የሕፃኑ አእምሮ በማኅፀን ሳለ ይጐዳል። ስለዚህ ነገሩ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ታዘዘ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15ቱ ገደማ ብቻ ሲሆን፥ በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኝቷል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን አዮዲን «አለ» ማለትና «ይበቃል» ማለት አንድ አይደለም። በዓለም አቀፍ መመሪያ በቤት ያለ ጨው በአንድ ኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን ሊኖረው ይገባል።

ታዲያ በአንድ መጋዘን ያለው ጨው ይህን ልክ ማሟላቱ በምን ይታወቃል? እሽጉን ሁሉ ከፍቶ መመርመር አይቻልም፤ ተከፍቶ የተመረመረው ለገበያ አይሆንምና። ስለዚህ ጥቂቱን አይተን በብዙው ላይ እንፈርዳለን። ይህም ፍርድ ሥርዓት አለው።

ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈር ስለ ሆነች ምሳሌው ከደጃችን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። በስታቲስቲክስም እንዲሁ «የመጋዘኑ ጨው አማካይ 15 ነው፤ አልጐደለም» ብለን እንነሣለን። ይህ መነሻ መላ ምት ይባላል። ናሙናው ምስክር ነው፤ ምስክርነቱ ሲበረታ ብቻ መነሻውን እንጥላለን።

ለማስረዳት ያህል፥ በልደታ ከሚገኝ አንድ መጋዘን 25 እሽጎች ተመርምረው አማካያቸው 13.5 ሚሊግራም ሆነ እንበል። የእሽጎቹም እርስ በርስ የመለያየት ልክ 3 ይሁን። በራሱ ሲባዛ 25 የሚሆነው ቁጥር 5 ነውና 3ን ለ5 ብናካፍል 0.6 እናገኛለን፤ ይህም አማካዩ በአጋጣሚ ብቻ ከፍና ዝቅ የሚልበት ልክ ነው። ጉድለቱ 1.5 ስለ ሆነ ለ0.6 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ለ25 ናሙና ሠንጠረዡ የሚሰጠው ወሰን 1.71 ነው፤ የእኛ ቁጥር ወሰኑን አልፏል። ጨው ባይጐድል ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት ከመቶ ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ በታየ ነበር። ስለዚህ መነሻውን እንጥላለን።

የተመረመሩት 4 እሽጎች ብቻ ቢሆኑስ? አማካዩ ያው 13.5፥ የመለያየቱም ልክ ያው 3 ይሁን። 3 ለ2 ሲካፈል 1.5 ነው፤ ጉድለቱም 1.5 ስለ ሆነ ውጤቱ 1 ብቻ ይሆናል። ወሰኑ ግን 2.35 ነው። እንዲህ ያለ ጉድለት በአጋጣሚ ብቻ ከመቶ ጊዜ 20 ያህል ይታያልና በነጋዴው ላይ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ጨው በቂ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ምስክር አነሰ ማለት ነው፤ ናሙና ይጨመር።

ይህን የጥቂት ናሙና ሠንጠረዥ ያስገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ዊልያም ጎሴት የተባለ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ፋብሪካው ስለ ገብስና ስለ ብቅል በጥቂት ሙከራ መወሰን ነበረበትና የንግድ ችግር ለሳይንስ መፍትሔ ወለደ።

በዚህ ፍርድ ሁለት ስሕተቶች ይፈራሉ። አንደኛው ንጹሑን ነጋዴ መወንጀል ነው፤ ስሙና እንጀራው ይጠፋል። ሁለተኛው የጐደለውን ጨው በቂ ነው ብሎ ማሳለፍ ነው፤ ዋጋውን ሕፃናት ይከፍላሉ። አንደኛውን ለማጥበብ ወሰኑን ብናከብደው ሁለተኛው ይሰፋል። ሁለቱን ባንድነት የሚቀንሰው ናሙናን ማብዛትና በጥንቃቄ መውሰድ ነው።

ናሙና ከደጃፍ ካለው ማዳበሪያ ብቻ አይወሰድ፤ ፀሐይና እርጥበት አዮዲንን ያጠፋሉና። ከላይም ከታችም ከመካከልም በዕጣ ይወሰድ። ደግሞም አማካይ ይሸፍናል፤ ግማሹ እሽግ 30፥ ግማሹ ባዶ ቢሆን አማካዩ 15 ነው፤ ግማሾቹ ቤቶች ግን ምንም አላገኙም። ስለዚህ ከአማካዩ ጋር የእያንዳንዱ እሽግ ልክ ይታይ።

መምህራን ይህን ስሌት በዳቦ ክብደት ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ሚዛንና ጥቂት ዳቦዎች ይበቃሉ። በየቤቱም ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።