በቆላ አገር ኦርኪድን በቤት ስለ ማሳደግ

በባሱንዳና በጋላባት፣ እንዲሁም ከወሰኑ ወዲህ በመተማ፣ ስለ ተክል ወሬ ሲነሣ አስቀድመው የሚጠሩት ማሽላና ሰሊጥ ናቸው። ዋልካው መሬት ለእነርሱ የተመቸ ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን በበረንዳው ላይ የአበባ ተክል ለማኖር የሚወድ ሰው ኦርኪድን ከዚሁ ዋልካ ላይ ቢተክለው ሥሩ ታፍኖና በስብሶ ይሞትበታል።

በቤት ውስጥ ከሚያድጉት የኦርኪድ ዓይነቶች አብዛኞቹ በትውልድ ስፍራቸው የሚኖሩት ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ነው፤ ከዛፉም ምግብ አይወስዱም። ሥራቸው ውኃን ፈጥኖ የሚመጥ እንደ ስፖንጅ ያለ ልባስ አለው። ይህ ልባስ ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ውኃ የሚጠጣበትን ጊዜ ተክሉ ራሱ ይነግረናል፤ ቀን መቍጠር አያስፈልግም።

መትከያው ከሥሩና ከጎኑ የተበሳ የሸክላ ማሰሮ ይሁን። አውራ ጣት የሚያህል የግራር ከሰል ስብርባሪ ከዱቄቱ ታጥቦ ይሞላበታል። ውኃ የሚሰጠው በማለዳ ነው፤ ማሰሮውን በባልዲ ውኃ ውስጥ ዐሥር ደቂቃ ያህል ነክሮ ማውጣትና ፈጽሞ ማንጠፍጠፍ ይገባል። የጕድጓዱ ውኃ ጨው ካለበት ከሰሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ በክረምት የተጠራቀመ የዝናም ውኃ ይሻላል።

በሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲደርስ ከፀሐዩ ይልቅ የነፋሱ ድርቀት ይጎዳል። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት በየቤቱ አለ። ሱዳኖች ዚር የሚሉት የውኃ ጋን ላቡን እያወጣ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዛል፤ ኦርኪዱን በራኩባው ጥላ ሥር ከዚሩ አጠገብ ማንጠልጠል ነው። የጧት ፀሐይ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢያገኘው ይበቃዋል። ቅጠሉ እጅግ ከጠቈረ ብርሃን አንሶታል፤ ቢጫ ከሆነም በዝቶበት ይሆናል። በየከተማው የሚሸጠው ፋሌኖፕሲስ የተባለው የእስያ ኦርኪድ ግን በዚህም ጥንቃቄ ቢሆን የቆላውን በጋ በብርቱ ችግር ነው የሚያልፈው።

በኢትዮጵያና በሱዳን የሚበቅለው ዩሎፊያ ጊኔንሲስ ለዚህ አገር የተሻለ ነው። ይህ ከመሬት የሚበቅል ሲሆን ከሰሉ ላይ አሸዋና የበሰበሰ ቅጠል ይጨመርለታል። ውኃውንና ምግቡን በአንጓው ውስጥ አከማችቶ በበጋ ቅጠሉን ያረግፋል፤ ዝናም ሲመጣ ሐምራዊ አበባ ያወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ የሞተ መስሎት ይጥለዋል፤ ወይም አዝኖለት ዕለት ዕለት ውኃ ያፈስበትና በእውነት ይገድለዋል። የረገፈው ተክል ተኝቷል፤ እስኪነቃ ድረስ በጥላ ሥር በደረቁ ይቈይ።

ይህን ተክል ከዱር ቈፍሮ ማምጣት ግን የተገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1899 ፈረንሳዊው ኖኤል በርናር እንዳስረዳው፣ የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ስለሆነ ለመብቀል የፈንገስ ርዳታ ያሻዋል። ስለዚህ ከዱር የተነቀለ በቶሎ አይተካም። ሁለቱም አገሮች የገቡበት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው ሳይቲስ የተባለው ስምምነት መላውን የኦርኪድ ወገን በቍጥጥር ሥር አድርጎታል። ከዱር የተነቀለውን ያለ ፈቃድ ከጋላባት ወደ መተማ፣ ከመተማም ወደ ጋላባት ማሻገር ክልክል ነው።

ዩሎፊያን ቀድሞ የተከለ ጎረቤት ካለ ተካፍሎ መውሰድ ይቻላል። የሚከፈለው በግንቦት መጨረሻ፣ ተክሉ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ለእያንዳንዱ ክፋይ ሦስት አንጓ ይተውለት፤ የተቈረጠው ስፍራ በከሰል ዱቄት ይታሽ፤ አዲሱ ቡቃያም ጣት እስኪያህል ድረስ ውኃው በጥቂቱ ብቻ ይሁን።