«የማን ልጅ ነው?»

አሰላ ውስጥ የአንድ እጩ ስም በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ዓላማው ምንድር ነው?» ሳይሆን «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። የተማረው ወገን ይህን ጥያቄ ይንቀዋል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ።

ነገር ግን ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ሲደረግ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እጩ ለመሆን ደግሞ በምርጫው ወረዳ የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በአርሲ ደጋ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ድምፅ ቢሰጥም ራሱ ለመመረጥ ግን ይቸግረው ነበር። ፓርቲ በሌለበት እንግዲህ ምኑን ይምረጥ? ሰውየውን ነዋ! አባቱ የታወቀ ሰው ቢያጠፋ ቤቱ ድረስ ሄዶ መውቀስ ይቻላል።

በ2005 ዓ.ም. የአሰላው ተወላጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለ2007ቱ ምርጫ በግል እንደሚወዳደሩ ተናገሩ፤ በኋላ ተዉት እንጂ። እኔ ያን ጊዜ ለመምረጥ ያልደረስሁ ልጅ ብሆንም፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ አንዲት ቃል ሳልሰማ በልቤ መርጫቸው ነበር። ለሩጫቸው!

ይህን በክፍል ውስጥ ብናዘዝ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ሰውየውን ሳላውቀው ቃሉን በምን ልመነው?» አለኝ። ደወሉ እስኪደወል መልስ አላገኘሁለትም።