ቡቃያ ቀጣፊው ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ

ክረምት ሲገባ የቦሎቄ ወይም የአኩሪ አተር ቡቃያ በአንድ ሌሊት ተቀጥፎ ካደረ፣ ቀን ላይም አንድ ትል ካልታየ፣ ጓል መገልበጥ ነው። ከሥሩ ግራጫ፣ ልሃጫም፣ ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ሊገኝ ይችላል። ልሃጩ ሲደርቅ በቅጠሉና በአፈሩ ላይ የሚያብለጨልጭ መስመር ስለሚተው የሄደበትም አይጠፋም።

ገላውን ከድርቀት የሚከልልለት ቤት ስለሌለው ፀሐይ ይሸሻል፤ ቀን ድንጋይና ገለባ ሥር ውሎ ሌሊት ይወጣል። ምላሱ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ቅጠሉን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ ሁሉም እንቁላል ይጥላል።

ለአርብ ገበያና ለታች ጋይንት ገበሬ ዋናው ነገር ግን የሰብሉ አበቃቀል ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ሲበቅሉ ዘሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ላይ የወጣው ጫፍ ቢበላ ከታች ሌላ ያቆጠቁጣል። ቦሎቄ፣ አኩሪ አተርና ግብጦ ግን ዘራቸውን ለሁለት ከፍለው ተሸክመው ይወጣሉ፤ የማደጊያው እምቡጥ ያለው በሁለቱ ክፋዮች መካከል ነው። ግንዱ ከክፋዮቹ በታች ከተቆረጠ ያ ቡቃያ አበቃለት። ጥቂት ቅጠል ካወጣ በኋላ ቢበሳሳም አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ስለዚህ ጥበቃው ከብቅለት ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው።

ደጋግሞ ማረስ እንቁላሉንና መደበቂያውን ያጠፋል፤ ጭዱ ለከብት መሰብሰቡም እንዲሁ። ሳያርሱ በገለባ ላይ የሚዘሩ የአሜሪካ ገበሬዎች በዚህ ተባይ ይቸገራሉ። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል፦ በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የታሸ የአኩሪ አተር ዘር ቀንድ አውጣውን አልጎዳውም፤ እሱን በልተው የሚኖሩትን ጥንዚዛዎች ግን መረዘ። የቡቃያው ብዛት በ19 በመቶ፣ ምርቱ በ5 በመቶ ቀነሰ። ጥንዚዛን በጅምላ ጠላት ማለት ስህተት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ገለባ ተባዩን ቢያስጠልልም፣ ማሳ ላይ መተዉ የጋይንትን ተዳፋት አፈር ከጎርፍ ስለሚያድን አልነቅፈውም፤ ከዘር መስመሩ ላይ ገለል ማድረግ ይበቃል። አመድ መነስነስ የሚጠቅመው እስኪረጥብ ድረስ ብቻ ነው፤ ጨው ደግሞ አፈሩን ይጎዳል። ከሁሉ የሚቀለው ማታ እርጥብ ጆንያ ማሳው ላይ ዘርግቶ፣ ማልዶ ገልጦ የተጠለሉትን ለቅሞ ማጥፋት ነው። ያኔ ቁጥራቸው ከፍ ብሎ ከታየና ቡቃያው ገና ለጋ ከሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።