ሚዛኑንስ ማን መዘነው? ስለ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች የፍጥነት ፈተና

ገበያ ወጥቶ ጤፍ የሚሸምት ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በቁናው ላይ ነው። ቁናው የጠበበ እንደሆነ «ርካሽ ነው» የሚለው ቃል ሁሉ ትርጉሙን ያጣል። በዘመናችን ግን ብዙ የተማረ ሰው፣ ይልቁንም እኛ ወጣቶቹ፣ ኮምፒዩተር ለመግዛት ስንነሣ ይህን የእናቶቻችንን ጥንቃቄ ከቤት ጥለነው እንወጣለን። በካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ጊጋ ኸርዝ» የሚል ጽሕፈት ካየን፣ ወይም አንደኛው ከሁለተኛው በእጥፍ ይፈጥናል የሚል ሠንጠረዥ ካነበብን፣ ቁናውን ማን እንደ ሰፋው ሳንጠይቅ ገንዘባችንን እንቆጥራለን።

ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ባለ አንድ ሰሌዳ ስለሚባሉት ትናንሽ ኮምፒዩተሮች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው ይወቅልኝ።) እነዚህ መሣሪያዎች ፕሮሰሰሩ፣ ሚሞሪውና የልዩ ልዩ ገመድ መሰኪያዎቹ ሁሉ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ተሰብስበው የተሠሩ ናቸው። ስማቸውን በዓለም ያስጠራው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የታሰበው ራስቤሪ ፓይ ነው። ኤበን አፕተንና ባልንጀሮቹ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ትምህርት ለመማር የሚያመለክቱት ወጣቶች ቁጥር መቀነሱን፣ የሚመጡትም ቢሆኑ እንደ ቀድሞዎቹ ፕሮግራም መጻፍን ከልጅነታቸው ያልለመዱ መሆናቸውን አይተው፣ አንድ ልጅ ቢያበላሸው እንኳ ወላጁ የማይቈጣበት ርካሽ ኮምፒዩተር እንሥራ ብለው ተነሡ። በ2012 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 29 ቀን ለሽያጭ የቀረበው ሰሌዳ ርዝመቱ 85 ወርዱ 56 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ዋጋው 35 ዶላር፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 700 ሜጋ ኸርዝ፣ ሚሞሪው 256 ሜጋባይት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታናናሾቹ ተከታትለው መጡ። የ2015ቱ ባለ አራት ኮር ሆነ፤ የ2016ቱ ወደ 64 ቢት ተሻገረ፤ በ2019 ራስቤሪ ፓይ 4፣ በ2023 ደግሞ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራው ራስቤሪ ፓይ 5 ወጣ። በቻይናና በኮሪያ ያሉ ፋብሪካዎችም እያንዳንዳቸው «የኔው ይፈጥናል፤ የኔው ይረክሳል» እያሉ ብዙ ዓይነት ሰሌዳ ለገበያ አቀረቡ። እንግዲህ ለተማሪዎቹ የኮምፒዩተር ክፍል ለማቋቋም ጥቂት ገንዘብ የተፈቀደለት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የትኛውን ይምረጥ? ቢሳሳት የሚጎዱት በዚያ ክፍል አራት አምስት ዓመት የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል የሚባለው የፍጥነት ፈተና ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1972 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉ ባለሙያዎች ዌትስቶን የተባለውን ፈተና በአልጎል 60 ቋንቋ ጻፉ። ስሙን ያገኘው ሌስተርሻየር ውስጥ ካለች ዌትስቶን ከምትባል መንደር ነው። ፈተናው በአመዛኙ የሚመዝነው ሳይንቲስቶች የሚፈልጉትን የነጥብ ቁጥር ስሌት ነበር። በ1984 ራይንሆልድ ቫይከር የተባለ ሰው ለሌላው ዓይነት ሥራ፣ ማለትም ለሙሉ ቁጥርና ለፊደል፣ ሌላ ፈተና ደረሰና ድራይስቶን ብሎ ሰየመው። በእንግሊዝኛ «ዌት» እርጥብ፣ «ድራይ» ደረቅ ማለት ስለሆነ ስሙ ጨዋታ ነው። ሊቃውንትም እንደ እኛ ይቀልዳሉ።

ድራይስቶን ግን ብዙ ሳይቆይ ደካማነቱ ታወቀ። በመጀመሪያ ነገር ፕሮግራሙ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለችው ፈጣን ሚሞሪ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከዋናው ሚሞሪ ጋር የሚደረገውን ዝግ ያለ ምልልስ አይለካም። ሁለተኛውና የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ብልህ እየሆነ ሲሄድ፣ ውጤታቸው ለምንም የማይፈለግ ስሌቶችን እያየ «ይህስ ለምን ይደከምበታል?» እንደ ማለት ይዘላቸው ጀመር። በዚህም ምክንያት ከሥራው የሚሸሽ ኮምፒዩተር እንደ ታታሪ ተቈጥሮ ከፍተኛ ማርክ ያገኛል። ይህም ሆኖ በ1977 የወጣው ቫክስ 11/780 የተባለው ማሽን በሰኮንድ የሚሠራው 1,757 ድራይስቶን እንደ አንድ አሐድ ተወስዶ፣ ከዚያ ወዲያ የመጡ ፕሮሰሰሮች ሁሉ በእርሱ እየተካፈሉ ሲመዘኑ ኖረዋል።

በእነዚህ ጥንታውያን ፈተናዎች ከተገኙት ውጤቶች አንዱ ግን ልብ የሚነካ ነው። ሮይ ሎንግቦተም የተባሉት፣ ቀድሞ ለእንግሊዝ መንግሥት የሚገዙ ኮምፒዩተሮችን ሲፈትኑ የኖሩ ሰው፣ የመጀመሪያውን ራስቤሪ ፓይ በሌሎችም ባረጁ ፈተናዎች ጭምር ፈትነው ከክሬይ 1 ጋር አስተያዩት። ክሬይ 1 በ1978 ዓ.ም. በዓለም ላይ አቻ ያልነበረው፣ 7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ ከ4 ቶን ተኩል በላይ የሚመዝንና 115 ኪሎ ዋት የሚፈልግ ማሽን ነበር። በሳቸው ስሌት ባለ 35 ዶላሩ ሰሌዳ በአማካይ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ቀደመው። በበኩሌ ይህን ያነበብሁ ዕለት ሰሌዳዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ገልብጬ አየሁት። ሆኖም ይህ ቁጥር በዚያን ጊዜ ስሌቶች የተለካ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ክሬዩ የዛሬን የበይነ መረብ ገጽ ከፍቶ አያውቅም፤ ሰሌዳው ግን ይህንኑ ሲሞክር ያቃስት ነበር።

ከዚህ የከፋው አሳሳች ፈተና ሲስቤንች በተባለው ፕሮግራም የሚደረገው ነው። ሲስቤንች በመሠረቱ የመረጃ ቋት ፕሮግራሞችን ለመፈተን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የፕሮሰሰር ፈተና ተካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች እየፈለገ ጊዜውን ይቈጥራል። ለማስነሣት ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወደዋል። ነገር ግን ያንኑ ሰሌዳ አንድ ጊዜ በ32 ቢት፣ አንድ ጊዜ በ64 ቢት ሲስተም አስነሥታችሁ ብትፈትኑት ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው አልተለወጠም፤ ፋብሪካውም አንድ ነው። ምሥጢሩ ፈተናው ዘወትር የሚደጋግመው የትላልቅ ቁጥሮች ማካፈል በ64 ቢት በአንድ ትእዛዝ ሲፈጸም፣ በ32 ቢት ግን በብዙ ትእዛዝ እየተቈራረጠ መሠራቱ ነው። እንግዲህ አንዱ ሰሌዳውን በ32 ቢት፣ ሌላው የራሱን በ64 ቢት ለክተው ቁጥራቸውን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ፣ ይህ በጠባብ ቁናና በሰፊ ቁና የተሰፈረን እህል እንደማወዳደር ያለ ነው።

«የፈተናውን ነገር ተወውና ሲስተሙ ራሱ የሚያሳየውን የፍጥነት ቁጥር ብናነብስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን በ2016 ዓ.ም. የደረሰ ነገር አለ። ሃርድከርነል የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ኦድሮይድ ሲ2 የሚባል ሰሌዳ በ40 ዶላር አቀረበ። ፕሮሰሰሩ 2 ጊጋ ኸርዝ እንደሚደርስ ተነግሮ ነበር፤ ሲስተሙም ሲጠየቅ ይህንኑ ቁጥር ይመልሳል። ነገር ግን ጠንቃቆች የሆኑ ተጠቃሚዎች ስንት ትእዛዝ እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚታወቅ ስሌት እያሠሩ በሰዓት ቢለኩት ፍጥነቱ 1.5 ጊጋ ኸርዝ ገደማ ላይ ቆሞ ተገኘ። ሲስተሙ ከፕሮሰሰሩ ሠሪ የመጣ አንድ የተዘጋ ፕሮግራም የሚነግረውን ተቀብሎ ያስተላልፍ ነበር እንጂ እውነተኛውን አያውቅም። ኩባንያው ነገሩ ከተገለጠ በኋላ በመግለጫው ላይ የተጻፈውን ወደ 1.5 አስተካክሏል። ሰሌዳው በዋጋው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም፤ የፍጥነቱ ቁጥር ግን ከመሣሪያው አፍ ሳይሆን ከሥራው መወሰድ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ወደ ሙቀት እንለፍ። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ ጀርመናዊው አርሚን ሃሪ 100 ሜትሩን በ10.2 ሰኮንድ ጨርሶ ወርቅ ወሰደ፤ አበበ ቢቂላም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ወሰደ። ከሁለቱ ማን ይፈጥናል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «የምን ያህል መንገድ?» የሚል ነው። ትናንሾቹ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው ሃሪዎች ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሙሉ ፍጥነት ይሮጡና ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሳቸውን ከቃጠሎ ለማዳን እርምጃቸውን ይቀንሳሉ። ራስቤሪ ፓይ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። በ2018 የወጣው 3ቢ ፕላስ የተባለው ደግሞ ገና በ60 ዲግሪ ከ1.4 ወደ 1.2 ጊጋ ኸርዝ እንዲወርድ ሆኖ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ፈተናና ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፈተና ስለ አንድ ሰሌዳ የተለያየ ወሬ ያወራሉ። ሰሌዳው በሳጥን መዘጋቱ፣ ሙቀት የሚያስወጣ ብረት የተለጠፈበት መሆኑ፣ ማራገቢያ ያለው መሆኑ ካልተጻፈ፣ ውጤቱ ምን እንደሚነግረን አይታወቅም። የእኛም አገር አቀማመጥ እዚህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም ሙቀትን በደንብ አይወስድም። የከተማችን ብርድ ጉዳቱን ያካክሰው ይሆናል፤ ሰመራ ላይ በ40 ዲግሪ ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚቀመጥ ሰሌዳ ግን በአውሮፓ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የተደረገ ፈተና ብዙም አይጠቅመውም።

ስለ ሚሞሪ ካርድ ብዙ አልናገርም። ሰሌዳው ሲነሣና ፕሮግራም ሲከፈት የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሳይሆን ካርዱ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። በካርዱ ላይ የሚጻፈው 10 ቊጥር ትልልቅ ፋይል በተከታታይ ሲጻፍ በሰኮንድ 10 ሜጋባይት እንደሚችል ብቻ ይመሰክራል፤ «ኤ1» የሚለው ምልክት ግን ትናንሽና የተበታተነ ንባብና ጽሕፈት መቻሉን ስለሚያመለክት ለኮምፒዩተር ሥራ የሚሻለው ይህ ነው።

ከሁሉ የማልረሳው የኤሌክትሪኩን ነገር ነው፤ የማልረሳውም ስለ ተሳሳትሁበት ነው። ዩኒቨርሲቲ በነበርሁበት በመጨረሻው ዓመት ሦስት ሆነን ሁለት ዓይነት ሰሌዳ እንድንፈትን ተሰጠን። አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሊያቋቁም አስቦ የትኛውን ቢገዛ እንደሚሻል ምክር ጠይቆ ነበር። የሙቀቱን ነገር አንብበን ስለ ነበር ማራገቢያ አቆምን፤ አንድ ዓይነት ካርድ ገዛን፤ እያንዳንዱን ፈተና አምስት አምስት ጊዜ ደጋገምን። ርካሹ ሰሌዳ በሁሉም ወደ ኋላ ቀረ። እኛም በግራፍ አሳምረን «ውዱ ይሻላል» ብለን ጻፍን፤ ትምህርት ቤቱም አምኖን ውዱን ሰሌዳ አሥራ ሁለት ገዛ።

ከወራት በኋላ ያን ርካሽ ሰሌዳ ለሌላ ሥራ ፈልጌ ከቴሌቪዥን ጋር ባያይዘው በማዕዘኑ ላይ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ብልጭ አለች። ይህች ምልክት ወደ ሰሌዳው የሚገባው ኤሌክትሪክ ከ5 ቮልት ወርዶ 4.63 ቮልት ገደማ ሲደርስ የምትታይ ናት፤ በዚያን ጊዜም ሰሌዳው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፈተናውን ያደረግነው ያለ ቴሌቪዥን በኔትዎርክ በኩል ስለ ነበር ምልክቷን አላየናትም። ገመዱ ከመርካቶ የገዛሁት ቀጭን የስልክ ገመድ ነበር፤ ሥራው ሲበዛና የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲጨምር ቮልቱ በገመዱ ላይ ይወርዳል። ለውዱ ሰሌዳ ግን ከራሱ ጋር በካርቶን የመጣውን ወፍራም ገመድ ሰጥተነው ነበር። ወፍራሙን ገመድ ለርካሹ አድርጌ ፈተናውን ብደግመው በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ።

ሠንጠረዡን ይዤ ወደ መምህራችን ቢሮ ሄድሁ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና፣ «ልጄ፣ እናንተ የመዘናችሁት ሰሌዳውን አይደለም፤ ገመዱን ነው» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ለመሆኑ ልጆቹ በሰሌዳው ላይ ምን ሊሠሩበት ነው? እሱንስ ለክታችኋል?» ብለው ጠየቁኝ። አልለካንም ነበር። ልጆቹ የሚሠሩት ጽሑፍ መጻፍ፣ ትናንሽ ፕሮግራም መሞከርና ከአንድ ማእከላዊ ማሽን መጽሐፍ ማንበብ ነበር፤ እኛ ግን ማትሪክስ ስናባዛ ከረምን።

ከሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ የተሰማው ሥራ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። በ1976 የመጀመሪያው ክሬይ 1 የተተከለው በዚያ ላቦራቶሪ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. እዚያው 750 ራስቤሪ ፓይ ሰሌዳዎች በአንድነት ተያይዘው ቆሙ። ለፍጥነት ብሎ 750 ትናንሽ ሰሌዳ የሚገዛ የለም። የተፈለገው በሺህ የሚቈጠሩ ፕሮሰሰሮችን አንድ ላይ የሚያሠራ ፕሮግራም ውዱን ማሽን ሳይነካ የሚሞከርበት ርካሽ ሜዳ ነበር። ለዚያ ሥራ የሰሌዳው ብዛት እንጂ የአንዱ ፍጥነት አይመዘንም።

ባለፈው ዓመት ወደዚያ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አሥራ ሁለቱም ሰሌዳዎች ይሠራሉ፤ ዳይሬክተሩም ሻይ አስመጥተው አመሰገኑኝ። በመንገድ ላይ ሒሳቡን በልቤ አድርጌው ነበርና ርካሹን ብንመክራቸው ኖሮ በዚያው ገንዘብ አሥራ ስድስት ይገዙ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ይህንኑም ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ወደ ክፍሉ ወሰዱኝ። ከኋላ ባሉት ጠረጴዛዎች አጠገብ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ተቀምጠው ነበር።