የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥና የሐረር ገበሬ ምርት

ሐረር ከተማ በየቀኑ ብዙ እህል፣ ብዙ አትክልትና ብዙ ዘይት ትፈጃለች። ከሶፊ፣ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ ወረዳዎች፣ እንዲሁም ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠሮች በአህያና በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ምርት በጀጎል ግንብ ውስጥና ከሸዋ በር ውጭ ባሉት ገበያዎች ይሸጣል። ገበሬው ሸማቹን ሲያስብ በዘንቢል የምትሸምተውን የቤት እመቤትና በጆንያ የሚሰበስበውን ነጋዴ ያስባል። ሦስተኛውን ሸማች ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋዋል። እርሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሆስፒታሉ ሕሙማንን፣ ማረሚያ ቤቱ ታራሚዎችን ያበላል፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ይመግባል። ይህ ሸማች በገበያ ቀን ወጥቶ አይከራከርም፤ በጽሑፍ ጠይቆ፣ በጽሑፍ አወዳድሮ፣ በጽሑፍ ይገዛል። የሚገዛበትም ሕግ ለአገር ምርት የሚያደላ ክፍል አለው። ይህ ክፍል ለገበሬው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ በኢትዮጵያ ለተመረተ ዕቃ፣ ኢትዮጵያውያን ለሚሠሩት የግንባታ ሥራና ለሚሰጡት የምክር አገልግሎት በውድድር ጊዜ «ልዩ አስተያየት» እንዲደረግ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የአፈጻጸም መመሪያ መጠኑን ሲወስን ለመድኃኒትና ለሕክምና መገልገያ 25 በመቶ፣ ለሌላው የአገር ውስጥ ምርት 15 በመቶ፣ ለግንባታና ለምክር አገልግሎት 7.5 በመቶ አደረገው። በሕግ ለተቋቋሙ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ደግሞ ከሌሎች አገር በቀል አቅራቢዎች ጋር ሲወዳደሩ የ3 በመቶ ብልጫ ተሰጣቸው። በ2016 ዓ.ም. ያ አዋጅ በአዲስ ተተክቷል። ስለዚህ ማንም ተጫራች የመቶኛውን መጠን ከሰው አፍ ሰምቶ ሳይሆን ከሚወዳደርበት የጨረታ ሰነድ ላይ አንብቦ ሊያውቀው ይገባል። የአሠራሩ መሠረት ግን ከዚህ የሚከተለው ነው።

ልዩ አስተያየት ስጦታ አይደለም፤ ለማወዳደሪያ ብቻ የሚደረግ ስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መሥሪያ ቤት ከውጭ የመጣ ዕቃ በ100 ብር፣ በአገር ውስጥ የተሠራውን ተመሳሳይ ዕቃ ደግሞ በ112 ብር ቀረበለት እንበል። ልዩ አስተያየቱ 15 በመቶ ከሆነ የውጭው ዕቃ ለማወዳደሪያ ብቻ 115 ብር ተደርጎ ይታያል፤ የአገሩ ዕቃ አሸንፎ ውሉ በ112 ብር ይፈረማል። የአገሩ ዕቃ በ118 ብር ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ግን ይሸነፍ ነበር። ዕቃው ከተጠየቀው ጥራት በታች ከሆነም ስሌቱ ጭራሽ አይደርሰውም፤ ዋጋ የሚወዳደረው የጥራቱን ወንፊት ያለፈው ብቻ ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሕጉ የሚለው «የአገር ምርት» እንጂ «የሐረር ምርት» አይደለም። አንድ የኤረር ገበሬ ሽንኩርት ይዞ ቢቀርብና ከአዳማ በኩል የመጣ ነጋዴም የመቂን ሽንኩርት ይዞ ቢቀርብ ሁለቱም ሽንኩርቶች የኢትዮጵያ ናቸው፤ 15 በመቶው ለማንኛቸውም ብልጫ አይሆንም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ጎመን ሁሉ እንዲሁ ነው። በእኔ አስተያየት ገበሬው «ለአገር ምርት ቅድሚያ ይሰጣል» የሚለውን ሰምቶ በሩ የተከፈተለት መስሎት መጥቶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ይህ ልዩነት ስለማይነገረው ነው። በሌላ አገር ሕጉ ወደ ገበሬው ጠጋ ብሎ የተጻፈበት ቦታ አለ። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ያወጣችው ሕግ እንደ እኛው የአገርን ዕቃ ከውጭ ዕቃ የሚያስቀድም ነው። ብራዚል ግን በ2009፣ ይኸው በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለትምህርት ቤት ምገባ ከማዕከላዊው መንግሥት ከሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ በቀጥታ ምርት እንዲገዛበት ደነገገች። በዚህ ዐይነቱ ሕግ የትንሹ ገበሬ ተፎካካሪ ትልቁ ነጋዴ መሆኑ ይቀራል።

ታዲያ የእኛ ሕግ ለሐረር ገበሬ የሚሰጠው ምንድን ነው? አንደኛው ጥቅም ያ የ3 በመቶ ብልጫ ነው። ይህን ገበሬ ብቻውን ቆሞ አያገኘውም፤ በሕግ የተቋቋመ ተቋም መሆን ያስፈልጋል። ነጋዴው አንድ ኩንታል ድንች በ4,000 ብር አቀረበ እንበል፤ የተቋቋመው ማኅበር በ4,100 ብር ቢያቀርብ የነጋዴው ዋጋ ለማወዳደሪያ 4,120 ብር ስለሚሆን ማኅበሩ ያሸንፋል። (ዋጋው ለስሌት ያህል የተጻፈ ነው።) ከዚህም የበለጠ የሚጠቅመው የጨረታ ማስከበሪያው ጉዳይ ይመስለኛል። ሌላው ተጫራች ከባንክ የሚያመጣውን ዋስትና ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት በሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ እንዲተኩት የ2002ቱ መመሪያ ፈቅዶ ነበር። ለድሃ ማኅበር ከመቶኛው ይልቅ በር የሚከፍተው ይህ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በዚህ ውስጥ ይቆጠር እንደሆነ የልማት ሠራተኛው ሰነዱ ከተሸጠበት የግዥ ክፍል አስቀድሞ ይጠይቅላቸው።

ሁለተኛው ጥቅም የሚመጣው በፋብሪካ በኩል ነው። አዋጅ 649 አንድ ዕቃ የአገር ምርት የሚባለው ከጠቅላላ ዋጋው ከ35 በመቶ በላይ የሆነው እሴት በኢትዮጵያ ውስጥ የተጨመረ መሆኑ በኦዲተር ሲረጋገጥ ነው ይል ነበር። ይህ ለኦቾሎኒ (በእኛ አካባቢ ለውዝ ለምንለው) ትልቅ ነገር ነው። የፓልም ዘይት ከውጭ አስመጥቶ በጠርሙስ ብቻ የሚሞላ ሰው ይህን ልክ ለመድረስ ይቸገራል፤ ከባቢሌና ከኤረር ለውዝ ገዝቶ የሚጨምቅ ግን በቀላሉ ያልፈዋል። ሐማሬሳ የሚለው የዘይት ፋብሪካ ስም በሐረር አካባቢ የቆየና የታወቀ ነው። ሆስፒታሉ ወይም ዩኒቨርሲቲው የአገር ዘይት በገዛ ቁጥር ጥቅሙ በጨማቂው በኩል ወደ ለውዝ አምራቹ ይወርዳል፤ ገበሬው አንድም የጨረታ ሰነድ ሳይነካ ማለት ነው።

የትኛው መሥሪያ ቤት በየትኛው ሕግ እንደሚገዛም መለየት ይገባል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና በእርሱ ሥር ያለው የሕይወት ፋና ሆስፒታል የፌዴራል ናቸው፤ የፌዴራሉን አዋጅ ይከተላሉ። የጀጎል ሆስፒታልና የሐረሪ ክልል ቢሮዎች ደግሞ የክልሉን የግዥ ሕግ ይከተላሉ። ሕጎቹ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ በአሁኑ ጊዜ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ስለሚካሄድ ማኅበሩ አስቀድሞ በአቅራቢነት መመዝገብ አለበት። ማስታወቂያው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ሲወጣ በድሬ ጥያራ ያለው ገበሬ በኦሮምኛ ካልተነገረው አልሰማም ማለት ነው። ይህን አንብቦ ማስረዳት የልማት ሠራተኛው ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ጥራቱ እንመለስ፤ ጨረታ አሸንፎ ዕቃው በመጋዘን በር ላይ የሚመለስበት ማኅበር ከተሸነፈው ይልቅ ይጎዳልና። ለለውዝ ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ መርዙ በመቁላት አይጠፋም፤ የሰውን ጉበት ይጎዳል። ስለዚህ ለውዙ ከተነቀለ በኋላ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ይሰጣ። ፍሬው በልጡ ውስጥ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ እስኪሆን ይድረቅ። ለመፈልፈል እንዲቀል ብሎ ልጡን በውሃ ማራስ በአካባቢያችን የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። የተሸበሸበውን፣ የተሰበረውንና ቀለሙ የተለወጠውን ፍሬ ለቅሞ ማውጣት የሴቶችንና የልጆችን ጊዜ ይፈጃል፤ ቢሆንም ተለቅሞ የቀረበ ለውዝ ሲመለስ አይገኝም።

በቆሎና ማሽላ መድረቃቸውን ለማወቅ መሣሪያ ባይኖር በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ደረቅ ጨውና እህሉን ጨምራችሁ ነቅንቁ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ይሰጣ። ድንች ፀሐይ እንዳያየው በጥላ ይቀመጥ፤ የአረንጓዴ መልክ ከያዘ ለምግብ አይሆንም፤ ተቀባዩም አይወስደውም።

በመጨረሻ ስለ ክፍያው። መሥሪያ ቤት ዕቃውን ተረክቦ፣ አስመርምሮ፣ ሰነዱን አዘጋጅቶ ስለሚከፍል ገንዘቡ በገበያ እንደሚሸጠው ምርት ያን ቀን እጅ አይገባም። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ወይም ልጁን የሚድር ገበሬ ምርቱን በሙሉ ወደዚህ ቢያገባ ሊቸገር ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ከየአባሉ የምርቱን ከፊል ብቻ ይቀበል፤ ከተቻለም ውሉን ይዞ ከቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ይጠይቅ። ውሉ ከመፈረሙ በፊት መጠኑን፣ የማስረከቢያውን ቀንና ቦታ፣ የትራንስፖርቱን ከፋይ እንዲሁም የተመለሰ ዕቃ በማን ኪሣራ እንደሚነሣ ጮክ ብሎ ለአባላቱ ማንበብ ያስፈልጋል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ማኅበር አስቀድሞ ያውጣ። ከፋዩ ከሒሳቡ ላይ ግብር ቀንሶ ካስቀረም ለዚያ ደረሰኝ ተቀብላችሁ በማኅበሩ መዝገብ አስቀምጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ሲተመን የሚታሰብላችሁ በዚያ ወረቀት ነው።