ክረምት ላይ የማይከፈልበት ዕውቀት

ባሕር ዳር ላይ የጀልባ ሥራ የሚደራው ከመስቀል እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ነው። ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖች ከውጭ አገር ጎብኚዎች ጋር ተደምረው በደጉ ጊዜ የጣና ወደብ የሚሞላው ያኔ ነው። ክረምት ሲገባ ጀልባው ይታሰራል፤ ነጂውና ረዳቱም ሌላ እንጀራ ፍለጋ ይወጣሉ። ይህን እንደ ዝናቡ ሁሉ የማይቀር አድርገን ለምደነዋል። ዝናቡ በእርግጥ የማይቀር ነው። ነጂው ለወራት ያለ ምንም ዋስትና መቅረቱ ግን የአሠራር ውጤት ነውና ሊስተካከል ይችላል፤ መስተካከልም አለበት።

ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ዝም ያለው ውኃ ከሰዓት በኋላ በነፋስ ይናወጣል፤ ዘጌ አዝዋ ማርያምን ወይም ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለም የሄደ እንግዳ መቼ መመለስ እንዳለበት የሚያውቀው ነጂው ነው። በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ከውኃው ያነሣዋል፤ ረዳቱ ተንጠልጥሎ ሥሩን በእጁ እየመነጨቀ ያወጣል፤ ጀልባዋ እስከዚያ ማዕበሉ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። የውኃው ከፍታም አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ክፉኛ ጎድሎ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። የት ድንጋይ እንዳለ፣ የት ጥልቅ እንደሆነ የሚታወቀው በዓመታት ምልልስ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በክረምት ወደ ግንባታ ሥራ ሄዶ እዚያው ሲቀር መሪውን የሚይዘው ለሐይቁ አዲስ የሆነ ልጅ ነው።

ሕጉ መንገዱን አልዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ እየተደጋገመ በተወሰነ ወቅት የሚሠራ ሥራን ለይቶ ያውቃል፤ ለዚህም የተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ስለዚህ የወቅት ሠራተኛ ሠራተኛ ነው። ውሉ በጽሑፍ ቢሆን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው መስከረም ቅድሚያ ለቀድሞው ነጂ እንዲሰጥም መስማማት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ጉዞ ሒሳብ ጥቂት እየተቀነሰ በባለጀልባዎቹ ማኅበር ቢቀመጥ ደግሞ፣ ክረምቱን ጀልባ ለሚጠግኑ፣ ሞተር ለሚፈቱ፣ የነፍስ አድን ሥልጠና ለሚወስዱ ነጂዎች ክፍያ ይሆናል።

ባለጀልባዎች «እኛስ ከየት እናምጣ?» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት እንግዳውን አስቀረ። የማኅበር ቁጠባ እንዲህ ያለውን ዘመን ብቻውን አይሻገርም፤ ለዚያ የመንግሥት እጅ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቁጠባው የሚጠራቀመው ገበያው ሲኖር ነው፤ በባዶ ወር ባለጀልባውን ምንም አይጠይቅም። በደጉ ጊዜ አንድም ነገር አለመቀመጡ መከራውን ለሁሉም አብሶታል።

ዋጋ ይወደዳል የሚለው ስጋት ግን ብዙም አያሳምነኝም። በጉዞ ቁጥር ለሚከፈለውና ቀሪውን በጉርሻ ለሚሞላው ነጂ አንድ ተጨማሪ ምልልስ የቤት አስቤዛ ነው። ነፋስ ሲነሣ «ዛሬ አንወጣም» ማለት ያስከፍለዋል፤ ከአቅም በላይ መጫንም የሚመጣው ከዚያው ችግር ነው። እንግዳው የሚከፍለው ትንሽ ጭማሪ ይህን ፈተና ከነጂው ላይ የሚያነሣ ከሆነ ለራሱ ደኅንነት ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ውሉ ሲጻፍ፣ በአየር ጠባይ ምክንያት ነጂው የሰረዘው ጉዞ የቀኑን ክፍያ እንዳያሳጣው የሚል አንቀጽ ከሁሉ ቀድሞ ይግባ።